ከተማዬን “ዱባይ መሰለች” አትበሉብኝ

ባለፈው እሁድ በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ብዙ ሰው ጻፊው ስላለኝ አንዱ ልጅ በስልኩ ከቀዳው ላይ ገለበጥኩት። ብዙም አልነካካሁትም፣ እንዳለ ነው።

እንደምን አረፈዳችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ! ከኋላ ይሰማል? ይሰማል? እሺ ተመስገን።

ከሁሉ በፊት ከገላን ጉራ፣ ከቦሌ አራብሳ፣ ከየካ አባዶ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀያይራችሁ ለመጣችሁ እጅ ነስቻለሁ። ቤታችሁ ከዚህ ሰፈር ሄዷል፣ እናንተ ግን እድሩን አልለቀቃችሁም፣ ወር ጠብቃችሁ ትመጣላችሁ። ይሄን ነገር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ጋሼ ሰብሳቢያችን «ስለ ከተማችን አንድ ነገር በይን» ሲሉኝ ወዲያው ነው እሺ ያልኩት፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር ሆዴ ውስጥ ብዙ ዓመት ተቀምጧል። እንደምታውቁኝ ሥራዬ አስጎብኚነት ነው፣ እዚሁ ፒያሳ ተወልጄ እዚሁ ፒያሳ እንግዳ ይዤ ስዞር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስለዚህ ከተማን ከከተማ ሲያወዳድሩ መስማት የየቀን ኑሮዬ ነው። ፈረንጁ ያወዳድራል፣ ከውጭ የመጣው ወገናችን ያወዳድራል፣ ሾፌሩ ያወዳድራል፣ እኔም አወዳድራለሁ። ማወዳደር ክፉ አይደለም። ግን እንዴት ነው የምናወዳድረው? ከማን ጋር ነው የምናወዳድረው? እሱን ነው ዛሬ የማወራው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ ከማን ጋር ነው የምንወዳደረው፣ ሁለተኛ በምን ነው የምንለካው፣ ሦስተኛ ደግሞ እኛ እዚህ የተቀመጥነው ሰዎች ምን እናድርግ። እሺ፣ አንደኛው።

የዛሬ ወር ገደማ ማታ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በታክሲ እየመጣሁ ነው። መንገዱ ተሠርቷል፣ መብራቱ ተደርድሯል፣ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ ሰው ልጁን ይዞ ይንሸራሸራል። ከጎኔ የተቀመጠ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ በመስኮቱ ቪዲዮ እየቀረጸ ለጓደኛው ድምፅ ይልካል፣ «አየህ አይደል፣ ዱባይ እኮ መሰለች!» አለው። በደስታ ነው ያለው፣ ሊያሞግሳት ነው፣ ዓይኑ እያበራ ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ሆዴን ቆረጠኝ። ሰው ልጁን ሲያደንቅ «የጎረቤቱን ልጅ መሰልክልኝ» ይላል እንዴ? እናት ልጇን ስትድር «ሌላ ሴት መሰልሽ» ብላ እልል ትላለች? እስቲ ንገሩኝ፣ ትላለች? ዱባይ ውስጥ ያለ ሰው አንድ መንገድ ባማረ ቁጥር «አዲስ አበባ መሰለች» ብሎ ያውቃል?

ዝም ማለት አልቻልኩም። «ወንድሜ፣ አሁን ያለፍነው ድልድይ ስሙ ማነው?» አልኩት። «ድልድይ አለ እንዴ?» አለኝ። አለ። ራስ መኮንን ድልድይ ነው። ራስ መኮንን የሐረር ገዢ፣ ዓድዋ የዘመቱ፣ የጃንሆይ አባት ናቸው፣ መንገዱ ራሱ ዓድዋ ጎዳና ነው። ልጁ ስልኩን ዝቅ አደረገና ወደ ኋላ ዞሮ አየ፣ ግን ታክሲው አልፎ ነበር። እዛው ቁጥሬን ተቀበለኝ፣ «ሌላ ጊዜ ትነግሪኛለሽ» ብሎኝ ወረደ። ልጁን አልወቅሰውም። ማን ነግሮት ያውቃል?

ስለ ዱባይ ካነሳሁ አይቀር፣ እዚህ መሀላችን አንዲት እህቴ ተቀምጣለች፣ ስሟን አልጠራም፣ ታሪኳን ግን እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ስድስት ዓመት ዱባይ ሰው ቤት ሠርታ ነው የተመለሰችው። እንደመጣች ሰሞን ቡና ላይ ሁላችንም ከበን «ዱባይ እንዴት ናት? ፎቁስ? መንገዱስ?» እያልን አላስቀመጥናትም። ዝም ብላ ሰማችንና ምን አለች መሰላችሁ? «እኔ ዱባይን በመስኮት ነው ያየኋት፣ መስኮቱን ደግሞ የማጸዳው እኔ ነኝ» አለች። ቡናው ቀዘቀዘብን፣ ሁላችንም ዝም አልን። ከዛ «እናንተ ፎቁን ትጠይቁኛላችሁ፣ እኔ እዛ ሆኜ ሌሊት የሚናፍቀኝ የጊዮርጊስ ቅዳሴና የቤኒን መስጊድ አዛን ነበር፣ ሁለቱ ሲደራረቡ» አለች። ያኔ ነው የገባኝ። የዛች ከተማ ማማር ውስጥ የኛ እህቶች ላብ አለበት፣ እኛ ግን የምናውቀው ፎቶዋን ነው። ፎቶን ከኑሮ ጋር ማወዳደር ደግሞ ትክክል አይደለም፣ የሰውን ከተማ በሠርግ ልብሷ የራሳችንን በሥራ ልብሷ ማወዳደር ማለት ነው።

ታዲያ ከማን ጋር እንወዳደር? አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አንድ ጊዜ ከጆሃንስበርግ የመጡ ጡረታ የወጡ መምህር አስጎበኘሁ። እንጦጦ ወጣን፣ ቤተመንግሥቱንና ማርያምን አየን፣ ከዛ ቁልቁል ከተማውን እያሳየሁ ሁሌ የምናገረውን ተናገርኩ፤ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ እየወረዱ ፍልውሃ ይታጠቡ ነበር፣ ቦታውን ወደዱት፣ በ1879 ዓ.ም. እዛ ቤት ተሠርቶ ከተማው ተቆረቆረ፣ አዲስ አበባ ብለው ስም ያወጡላትም እሳቸው ናቸው፣ ቦታው ደግሞ ከዛ በፊትም ስም ነበረው፣ ፊንፊኔ ይባል ነበር፣ አልኳቸው። ሰውየው «በፈረንጅ ስንት ይሆናል?» አሉኝ። 1886 አልኳቸው። ቆም አሉ። «የኔም ከተማ የተመሠረተችው በ1886 ነው» አይሉኝም! እውነት ነው፣ ጆሃንስበርግ ወርቅ ተገኝቶ ሰው እየተግተለተለ መጥቶ ነው በዛው ዓመት የተመሠረተችው። እኩያሞች ናቸው! አንዷን ወርቅ ወለዳት፣ አንዷን ፍልውሃ ወለዳት።

ከዛ ምን አሉኝ፣ «ያ ውሃ አሁንም አለ? ማየት ይቻላል?» እኔ ለካ በዛ ሁሉ ዓመት እንግዳ ይዤ አንድ ቀን ፍልውሃ ገብቼ አላውቅም። ታሪኩን እናገራለሁ፣ በበሩ አልፋለሁ፣ አልገባም። ወሰድኳቸው። ግቢው ውስጥ ሰው ትኬት ቆርጦ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራውን ይጠብቃል፣ አንድ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ፌስታል ውስጥ ሳሙናና ፎጣ ይዘው ተቀምጠዋል፣ የመታጠቢያው በር ሲከፈት እንፋሎቱ ነጭ ሆኖ ይወጣና ፊታቸው ላይ ያርፋል። እንግዳዬ «ለምን እንደመጡ ጠይቂልኝ» አሉኝ። «ለወገቤ ነዋ ልጄ፣ እናቴም እዚሁ ነበር የምትታጠበው» አሉ እሜቴ። ተረጎምኩላቸው። ሰውየው አጠገባቸው ተቀመጡ፣ አልነሳ አሉ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ እዛ ተቀመጥን። «የኛን ወርቅ የሚያይ ጥቂት ሰው ነው፣ እናንተ ከተማ የቆረቆራችሁበትን ነገር ድሃው ሁሉ ይታጠብበታል» አሉኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ እንግዳ ሳመጣ ከሙዚየሙ በፊት ፍልውሃ ነው የምወስደው።

ናይሮቢንም አይቻለሁ። እሷ ደግሞ በፈረንጅ 1899 ከሞምባሳ ለሚመጣው ባቡር ማረፊያ ሆና ነው የጀመረችው፣ ከኛ ታንሳለች። ቀንቻለሁ፣ አልዋሽም፣ ከተማው ጫፍ ላይ ብሔራዊ ፓርክ አለ፣ ቀጭኔው ቆሞ ከጀርባው ፎቁ ይታያል። በዚህ በኩል ልንማርባት የሚገባ ብዙ ነገር አላት። እና አንዳንዶቻችን ደግሞ ይሄ ሲነሳ ቶሎ ብለን «እኛ እኮ ቅኝ አልተገዛንም» እንላለን። እሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ደም የተከፈለበት ነው፣ ማንም አይወስድብንም። ግን ዓድዋ በሌላ ከተማ ላይ ለመኩራራት የተሰጠን አይደለም፣ ደግሞም ቦይ አይጠርግልንም። «ከኛ ወዲያ ማን አለ» የሚለውም፣ «እኛ ምን አለንና» የሚለውም፣ ሁለቱም ካለማወቅ የሚመጡ ናቸው። ሁለቱም ከተማዋን አላዩዋትም።

እሺ፣ ሁለተኛው። በምን ነው የምንለካው?

በቁመት እንለካ? እንለካ። የዱባዩ ቡርጅ ኸሊፋ 828 ሜትር ነው። የኛ ረጅሙ የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 209 ሜትር ገደማ ነው። ተሸነፍን፣ አለቀ። በቁመት ከሆነ ሁሌም የሚበልጥ ይኖራል፣ የምናሸንፈውም ቀን ቢመጣ ሌላው ነገ ይበልጠናል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ከተማን እንግዳ በሚያየው ሳይሆን ነዋሪው በሚያውቀው እንለካ ነው የምለው። ነዋሪው በሚያውቀው! እንግዳው ሦስት ቀን ነው የሚቆየው፣ ፎቁን ያያል፣ መብራቱን ያያል፣ ይሄዳል። የምንቆየው እኛ ነን።

ኪጋሊ ለሥልጠና ሄጄ ሆቴል ስገባ ፎርም ሰጡኝ። የቤት አድራሻ፣ የመንገድ ስም ይላል። እዛ መንገዱ ሁሉ ኮድ አለው፣ ኬኤን ይላል፣ ኬጂ ይላል፣ ቁጥር አለው፣ ሰሌዳው በየማዕዘኑ ተተክሏል። እስክሪብቶውን ይዤ ቆምኩ። የኔ አድራሻ ምንድነው? «ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር» ነው እኮ። ያን ቀን አፈርኩ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን እያንዳንዱ የኛ ስም ታሪክ ነው። ሠራተኛ ሰፈር ስትሉ የምኒልክ ዘመን ባለእጆች የሰፈሩበት ነው። ለገሃር ስትሉ ፈረንሳዮቹ ባቡር ጣቢያውን ላ ጋር ሲሉ አባቶቻችን በራሳቸው አፍ የሠሩት ስም ነው። እሪ በከንቱ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ውቤ በረሃ፣ አፍንጮ በር፣ ሰባ ደረጃ። አራዳ ራሱ! ገበያው ድሮ እዚሁ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፣ ጣሊያን ነው ወደ መርካቶ ያዛወረው፣ ገበያው ሄደ፣ አራዳነቱ ግን እዚሁ ቀረ፣ ከዛም አልፎ አራዳ የሚለው ቃል ሀገር ሙሉ አዳረሰ፣ ሐረርም ጎንደርም ብልጥ ልጅ አራዳ ነው የሚባለው። ከሰፈሩ ስም እንዲህ ያለ ቃል ያወጣ ከተማ ስንት አለ?

የመንገድ ኮድ አያስፈልገንም ማለቴ አይደለም፣ በጣም ያስፈልገናል። አምቡላንስ ሲጠራ «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ» ብሎ ማስረዳት ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ግን ኮዱ ሲመጣ ስሙ እንዳይጠፋ ነው። አሁን ልጆቻችን አንድ ቦታ ለመገናኘት «ፒን ላክልኝ» ነው የሚባባሉት። ፒኑ ላይ ነጥብ ብቻ ነው ያለው። ቤቱ ከተነሳ፣ የሚያውቁት ሰዎች ከተበተኑ፣ ስሙን ማን ይዞ ይቀራል?

አንድ የእናቴን ነገር ልንገራችሁና ልቀጥል፣ ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ፣ ነፍሷን ይማር። በ2005 ዓ.ም. ለባቡሩ ሥራ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ከቦታው ሲነሳ፣ ሰው መንገዱን ሞልቶ ቆሞ ነበር። እናቴ ቤት ገብታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ወጣች። እንደ ለቅሶ! ጎረቤት «ኧረ ለጊዜው ነው፣ ይመለሳል» ሲላት «ሲመለስ አያለሁ» አለች። አቡኑን ጣሊያን ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በጥይት ሲደበድባቸው የሷ እናት እዚሁ ከተማ ወጣት ልጅ ነበረች፣ የሰማችውን ለሷ ነግራታለች፣ ለሷ ያ ሐውልት ድንጋይ አልነበረም፣ ዘመድ ነበር። ሦስት ዓመት ሊሆን ሲል፣ በ2008 ዓ.ም. ሐውልቱ ተመለሰ። እናቴ ጉልበቷን አሟት ነበር፣ ደግፌ ወሰድኳት። ነጠላዋን አየሁት፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ፣ የዓመት በዓል አለባበስ ለብሳለች። ምንም አልተናገረችም። ዞራ ዞራ አየችው፣ አጥሩን ነካችው፣ «እሺ፣ እንሂድ» አለችኝ። 

እስቲ ይሄንን በስንት ሜትር ትለኩታላችሁ?

አሁን ደግሞ ልጆቹን ላንሳ። የእህቴን ልጅና የክፍል ጓደኞቹን ስድስት ኪሎ አገኘኋቸው፣ የካቲት 12 ሐውልት ሥር ቁጭ ብለው ቺፕስ ይበላሉ። «ይሄ ምንድነው?» አልኳቸው። «ሐውልት ነዋ» አሉኝ። «የምን ሐውልት?» ተያዩ። በየቀኑ ነው የሚያልፉበት! አስነሳኋቸውና ዙሪያውን አዞርኳቸው፣ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውን ሰው አሳየኋቸው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ዩኒቨርሲቲ ያኔ ገነተ ልዑል ቤተመንግሥት ነበር፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዛ ግቢ ውስጥ ነው፣ ከዛ ጣሊያን ሦስት ቀን ሙሉ በየሰፈሩ እየገባ ሰው ፈጀ፣ ቤት ከነሰው አቃጠለ፣ ሀገራችን የሟቹን ቁጥር 30,000 ትላለች። ከልጆቹ አንዱ፣ ትንሹ፣ እጁን ከተቀረጸው ሰው እጅ ላይ አድርጎ «የየት ሰፈር ሰዎች ናቸው?» አለኝ። «የኛ ሰፈር» አልኩት። ቺፕሱን ከመሬት አነሳ። ማንም አንሳ አላለውም። የወደቀውን ሁሉ ለቀመና ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ሰዎች፣ ልጅ ቆሻሻ የሚያነሳው የሚያውቀው ቦታ ላይ ነው። አዋቂም እንደዛው ነው።

ስለ አፍሪካ አዳራሽ ብዙ አልልም ጊዜ እንዳይሄድብን፣ ግን ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. 32 ሀገሮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የፈረሙት ከዚህ ሃያ ደቂቃ በታክሲ በሚደረስ ቦታ ነው፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ይሆናል፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲገባበት ወለሉ ቀይና ቢጫ ይሆናል። ስንቶቻችን አይተነዋል? እስቲ እጅ አውጡ። ... አያችሁ። ስቴዲየማችንም ጥር 1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የበላንበት ነው፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን እዛው ነው የተቀበለው። ባለፉት ዓመታት ግን ብሔራዊ ቡድናችን ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ አጥቶ የሜዳውን ጨዋታ ሰው ሀገር ሄዶ ተጫውቷል። ይሄ ያመኛል። ከተማዬን ስለምወድ ነው የሚያመኝ፣ ኩራት ማለት ጉድለትን መሸፈን አይደለም፣ እንግዳ ሲጠይቀኝም እንደዚሁ ነው የምነግረው። የቀበና ወንዝ ይሸታል፣ እናገራለሁ። አባቶቻችን የዋኙበት ወንዝ ነው፣ ጋሼ ራሳቸው ዋኝተውበታል፣ አይደል ጋሼ? ይኸው።

ሦስተኛው። ምን እናድርግ?

ኪጋሊ ተመልሼ ልውሰዳችሁ። ገና አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ለስጦታ በፌስታል የያዝኩትን ቡና አወጡና ፌስታሉን አስቀሩት፣ በፈረንጅ ከ2008 ጀምሮ ፌስታል ክልክል ነው። ከዛ የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ከሆቴል ስወጣ መንገዱ ጭር ብሏል፣ ሱቅ ዝግ ነው። ምን ሆኑ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ኡሙጋንዳ ነው። ከ18 እስከ 65 ዓመት ያለ ሰው ሁሉ በየሰፈሩ ወጥቶ ቦይ ይጠርጋል፣ ችግኝ ይተክላል፣ መንገድ ይጠግናል። ሱፍ ለባሹም ደሃውም አንድ ላይ መጥረጊያ ይዟል። ሲጨርሱ ደግሞ ሣር ላይ ቁጭ ብለው ስለ ሰፈራቸው ይወያያሉ። ቆሜ አየኋቸው፣ ቅናት አንገበገበኝ።

እዚህ መጥቼ ለጋሼ ነገርኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር እኛ የለንም አልኳቸው። ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና «ወር በወር ይሰበሰባሉ ነው ያልሽኝ?» አሉ። አዎ። «ያልመጣ ይቀጣል?» አዎ ይቀጣል። «መዝገብ አላቸው?» ይመስለኛል። «ታዲያ ልጄ፣ ይሄ እኮ እድር ነው» አሉኝ።

ይሄ እኮ እድር ነው! አያችሁ? እኛ ሌላ ከተማ ሄደን የምንቀናበት ነገር እዚሁ ቤታችን ውስጥ ቁጭ ብሏል። መዝገብ አለን፣ ሰብሳቢ አለን፣ ዳኛ አለን፣ ድንኳን አለን፣ ብረት ድስት አለን፣ ቅጣት አለን፣ ከሁሉም በላይ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ እንኳን ከአራብሳ ሁለት ታክሲ ይዞ የሚመጣ ሰው አለን። ልብ በሉልኝ ያልኳችሁ ይሄንን ነው። ሰው ሲሞትብን በግማሽ ሰዓት ድንኳን እንተክላለን። በግማሽ ሰዓት! የትኛው ከተማ ነው እንዲህ የሚያደርገው? ለሞተው እንዲህ የምንሮጥ ሰዎች በሕይወት ላለው ሰፈራችን ለምን አንሮጥም?

ድሮ እኮ ከተማ ማገዶ ሲያልቅ ተነቅሎ ይሄድ ነበር። አዲስ አበባም ልትነቀል ነበር፣ እንጨቱ አልቆ ምኒልክ አዲስ ዓለም ላይ ቤተመንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ያስቀራት ባሕር ዛፉ ነው። ከውጭ መጣ፣ ሰው በየግቢው ተከለው፣ ቶሎ አደገ፣ ማገዶ ተገኘ፣ ከተማዋ ቀረች። ስለዚህ አዲስ አበባን ንጉሥ ብቻ አይደለም ያቆያት፣ በየግቢው ችግኝ የተከለ ስሙ ያልተጻፈ ነዋሪ ነው ያቆያት። የናንተ አያት ነው። የኔ አያት ነው።

ከጋሼ ጋር ከተነጋገርን በኋላ የሆነውን የመጣችሁ ታውቃላችሁ። ያለፈው ወር ስብሰባ እንዳለቀ አንድ ሰዓት ብቻ ብለን አሥራ አራት ሰው ሆነን ከድልድዩ በላይ ያለውን ቦይ ጠረግን። የወጣው ነገር! ሃይላንዱ ብቻ ስድስት ማዳበሪያ ሞላ። የተቀደደ ጫማ፣ ፌስታል በፌስታል ላይ፣ የልጅ አሻንጉሊት፣ የተሰበረ ጀበና። ስንጨርስ ውሃው ቆሞ ከነበረበት መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ቀስ ብሎ፣ ከዛ ድምፅ አወጣ። እማማ በረንዳቸው ላይ ሆነው «ስንት ዓመቱ ነው ይሄን ድምፅ ከሰማሁት» አሉ። ማንም ዱባይን አላነሳም፣ ኪጋሊንም አላነሳም። የኛ ቦይ ነበር።

አሁን የምጠይቃችሁን ልጠይቅ። በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ ጸሐፊያችን። አንድ፣ የወሩ ስብሰባ ካለቀ በኋላ አንድ ሰዓት ለሰፈሩ እንስጥ፣ ያልቻለ ሰው ልጁን ይላክ። ሁለት፣ ከእድሩ መዝገብ ጎን ሌላ መዝገብ እንክፈት፣ የሰፈሩ ስሞች መዝገብ። እያንዳንዱ ሽማግሌ የሚያውቀውን ስም፣ ማን እንዳወጣው፣ የት ጋ እንደሆነ፣ ማን ቤት እንደነበረ ይንገረን፣ ልጆቹ ይጻፉ። የፈረሰውም ይጻፍ፣ ያለውም ይጻፍ። እናንተ ከገላን ጉራ የመጣችሁ፣ እናንተ ጋ ያለው ስም እኛ ጋ የለም፣ ይዛችሁት ሄዳችኋል፣ መልሱልን። የአዲሱ ሰፈራችሁንም ስም ዛሬውኑ መጻፍ ጀምሩ፣ እዛ የሚያድገው ልጅ ነገ ይጠይቃችኋል።

ለመጀመሪያው ቀን የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ራስ መኮንን ድልድይ ላይ እንገናኝ። አካፋ ያለው አካፋ፣ ማዳበሪያ ያለው ማዳበሪያ፣ ልጅ ያለው ልጁን ከነደብተሩ ይዞ ይምጣ። ሰባ ደረጃን እየቆጠርን ወጥተን በጊዮርጊስ በኩል ዞረን ዓድዋ መታሰቢያው ጋ እንጨርሳለን፣ እኔ የማውቀውን እናገራለሁ፣ ስሳሳት ጋሼ ያርሙኛል። ያ የታክሲው ልጅ ትናንት ደውሎልኝ ነበር፣ ጓደኛውን ይዞ ይመጣል። ከአራብሳ የምትመጡ፣ ጠዋት ታክሲ ካስቸገራችሁ ዓርብ ማታ ኑና እኔ ቤት እደሩ፣ ሁለት ፍራሽ አለኝ፣ ቡናውን አፈላለሁ። ቤቱ ከድልድዩ ከፍ ብሎ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ነው።

አመሰግናለሁ።